የክልል ምክር ቤት ምርጫና የፓርቲዎች ፉክክር በአማራ ክልል፦ ከምሥራቅ ጎጃም መራጭ አንጻር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ በ2018 ዓ.ም. እንዲካሄድ ከታቀደው 7ኛው ጠቅላላ ምርጫ ውስጥ አነስተኛ ትኩረት የሚሰጠውን ክፍል፣ ማለትም የክልል ምክር ቤት ምርጫን ይመረምራል። ጽሑፉ ሕጎችንና ይፋ የሆኑ የምርጫ ውጤቶችን መሠረት በማድረግ ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣል፦ የአማራ ክልል ምክር ቤት በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በሚኖረው ሕዝብ ሕይወት ላይ ምን የመወሰን ሥልጣን አለው? የመራጩ ድምፅ ወደ መቀመጫ የሚለወጥበት ሥርዓት ለተፎካካሪ ፓርቲዎች ምን ትርጉም አለው? ከሰላምና ከአካባቢ አስተዳደር አንጻር የምርጫው ከባቢ ውጤቱን እንዴት ሊወስን ይችላል? የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ፣ ገበሬውን በቅርበት የሚነኩ ውሳኔዎች የሚተላለፉት በክልሉ ምክር ቤት ሆኖ ሳለ የፓርቲዎች ክርክር ግን በፌዴራል ጉዳዮች ላይ መወሰኑ መራጩን ከአማራጭ ያርቀዋል የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የክልል ምክር ቤት፣ አብላጫ ድምፅ፣ ተፎካካሪ ፓርቲ፣ የገጠር መሬት፣ ምሥራቅ ጎጃም

1. መግቢያ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 58 እንደሚደነግገው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ሲሆን፣ ዘመኑ ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት አዲስ ምርጫ ተካሂዶ መጠናቀቅ አለበት። አሁን ያለው ምክር ቤት ሥራውን የጀመረው በመስከረም ወር 2014 ዓ.ም. በመሆኑ ቀጣዩ ምርጫ በ2018 ዓ.ም. ላይ ይወድቃል። በምርጫው ዕለት ወደ ጣቢያው የሚሄድ መራጭ የሚቀበለው ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀቶችን ነው፤ አንደኛው ለፌዴራሉ፣ ሁለተኛው ለክልሉ ምክር ቤት። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጣቢያና በአንድ መራጭ እጅ ስለሚገናኙ ልዩነታቸው በቀላሉ ይደበዝዛል። የቅስቀሳው ቋንቋ፣ የመገናኛ ብዙኃን ክርክርና የፓርቲ መሪዎች ንግግር ሁሉ ያዘነበለው ወደ መጀመሪያው ነው።

ይህ ዝንባሌ ምክንያት የለሽ አይደለም። የሀገሪቱ መሠረታዊ የፖለቲካ ውዝግቦች፣ ማለትም የሕገ መንግሥቱ ዕጣ፣ የፌዴሬሽኑ አወቃቀር፣ የማንነትና የወሰን ጥያቄዎች፣ በፌዴራል ደረጃ የሚነሡ ናቸው። ሆኖም በጎዛምን፣ በማቻከል፣ በአነደድ፣ በባሶ ሊበን ወይም በደጀን ወረዳ የሚኖር ገበሬ በየዓመቱ የሚያጋጥሙት ጥያቄዎች አብዛኞቹ መልስ የሚያገኙት ባሕር ዳር ከሚገኘው የክልል ምክር ቤትና እርሱ ከሚያቋቁመው አስፈጻሚ ነው። ስለዚህ የክልሉ ምርጫ የፌዴራሉ ምርጫ ጥላ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

2. የክልሉ ምክር ቤት ምን ይወስናል?

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 የክልሉን ከፍተኛ ሥልጣን ለክልሉ ምክር ቤት ይሰጣል። አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች የራሳቸውን ሕገ መንግሥት የማውጣት፣ የልማት ዕቅድ የመንደፍ፣ የፖሊስ ኃይል የማደራጀት፣ የክልሉን የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር የመወሰን፣ እንዲሁም የፌዴራሉ መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የማስተዳደር ሥልጣን እንዳላቸው ይዘረዝራል። በአንቀጽ 97 መሠረት የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና በግል የሚያርሱ ገበሬዎች የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የክልል ናቸው። የመምህሩ ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የወረዳው ፍርድ ቤት ዳኛና የወረዳው በጀት ሁሉ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያልፋሉ።

የሥልጣኑን ክብደት ለማሳየት ከመሬት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የክልሉ ምክር ቤት በ1989 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ መሠረት በክልሉ ሰፊ ክፍል፣ ምሥራቅ ጎጃምን ጨምሮ፣ የገጠር መሬት እንደገና ተደለደለ። በዚያ ድልድል ቀደም ባሉት መንግሥታት ኃላፊነት ነበራቸው ተብለው «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚል ስያሜ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ሲደረግ፣ የሌላው ገበሬ ጣሪያ ግን ከዚያ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ከጎጃም የተነሡ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ ተጉዘዋል። የድልድሉ ፍትሐዊነት እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው፤ መሬት ያገኘው ወጣትና መሬት ያጣው አዛውንት አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጡበትም። ለዚህ ጽሑፍ ተፈላጊው ነጥብ ግን ሌላ ነው፦ ይህን ያህል የቤተሰብ ዕጣ የለወጠው ውሳኔ የወጣው ከክልል ምክር ቤት ነበር፤ ምክር ቤቱም በአንድ ፓርቲ የተያዘ ስለነበር ተቃራኒ ድምፅ በአዳራሹ ውስጥ ሊሰማ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ክርክሩ በምክር ቤት ሊካሄድ ባለመቻሉ በአደባባይ ሰልፍ ተካሄደ።

ከዚያ በኋላም የመሬቱ ሕግ በዚያው ምክር ቤት ሲቀረጽ ኖሯል። አዋጅ ቁጥር 46/1992፣ አዋጅ ቁጥር 133/1998 እና አዋጅ ቁጥር 252/2009 የይዞታ መብትን፣ ማከራየትን፣ ውርስንና የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርን በየጊዜው ደንግገዋል። ደብተሩ መጀመሪያ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ በተመረጡ ቀበሌዎች ተሞክሮ ወደ ክልሉ ሁሉ የተስፋፋ በመሆኑ የአካባቢው ሕዝብ ጉዳዩን ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። ይሁንና በ2018 ዓ.ም. ድምፅ የሚጠይቅ ፓርቲ «ዳግም ድልድል ይኖራል ወይስ አይኖርም? መሬት የሌለው ወጣት ከየት ይድረሰው? ከተማ ሲስፋፋ ይዞታው ለሚወሰድበት ገበሬ ካሣው በምን ይሰላል?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ካላዘጋጀ፣ በክልል ደረጃ የሚወዳደረው በስም ብቻ ነው።

ምክር ቤቱ ርዕሰ መስተዳድሩንም ይሾማል። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባሉት አራት ዓመት ተኩል ውስጥ ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ አቶ ተመስገን ጥሩነህ፣ አቶ አገኘሁ ተሻገር፣ ዶክተር ይልቃል ከፋለና አቶ አረጋ ከበደ በተከታታይ ክልሉን እንዲመሩ ተሹመዋል። ከአምስቱ ሹመቶች ምርጫን ተከትሎ የመጣው የመስከረም 2014ቱ ብቻ ነው። ከእነዚህም አንዱ፣ የዶክተር አምባቸው መተካት፣ በሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ግድያ የተነሣ ነበር፤ የቀሩት ለውጦች ግን ከሕዝብ ድምፅ ይልቅ የፓርቲ ውስጣዊ ውሳኔን የተከተሉ ናቸው። በአንድ ፓርቲ የተሞላ ምክር ቤት ሹመትን ያጸድቃል እንጂ የሹመትን ምክንያት አይመረምርም። በተጨማሪም በአንቀጽ 61 መሠረት የክልል ምክር ቤቶች የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ራሳቸው ይመርጣሉ ወይም በሕዝብ እንዲመረጡ ያደርጋሉ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሕገ መንግሥትን ይተረጉማል፣ በክልሎች መካከል የሚነሣ የወሰን ክርክርንም ይመለከታል። እንግዲህ የክልሉ ወረቀት ፌዴራላዊ ውጤትም አለው።

3. ውክልና በጎጃም፦ አጭር ታሪካዊ ዳራ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ የተካሄደው በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት ተከትሎ በ1949 ዓ.ም. ነው። እስከ 1965 ዓ.ም. በየአራት ዓመቱ በተካሄዱት ምርጫዎች ፓርቲ አልነበረም፤ እጩው የሚቀርበው በግሉ ሲሆን የንብረት መስፈርትም ነበረበት። ይህ ዓይነቱ ውክልና ምን ያህል ስስ እንደነበረ በ1960 ዓ.ም. ታየ። ምክር ቤቱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን ባጸደቀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነካ ሠጋ፤ በዳሞት፣ በሞጣና በሌሎችም ቦታዎች አመፀ። መንግሥት ጦር ካዘመተ በኋላ በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ከሥፍራቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። በምክር ቤቱ ውስጥ ከጎጃም የተመረጡ እንደራሴዎች ነበሩ፤ ገበሬው ግን አዋጁን የራሱ ተወካዮች ያወጡት ሕግ አድርጎ አልተቀበለውም። ከዚህ የምንማረው የተመረጠ ሰው መኖሩ ብቻ ውክልናን እንደማያረጋግጥ ነው። መራጩ ተወካዩን በፕሮግራም የሚይዝበትና ቃሉን ሲያጥፍ የሚጠይቅበት ድርጅት ያስፈልገዋል፤ የፓርቲ አስፈላጊነትም ከዚህ ይመነጫል።

በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ የተካሄደው ምርጫ ፓርቲ ነበረው፤ ነገር ግን የነበረው አንድ፣ እርሱም ኢሠፓ ብቻ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የብዙኃን ፓርቲ ሥርዓት ሲታወጅ በክልሉ ገዥ የሆነው በ1973 ዓ.ም. የተመሠረተውና በ1986 ዓ.ም. ስሙን የቀየረው ብአዴን ነበር። በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የተመራው መአሕድ በ1984 ዓ.ም. ተመሥርቶ በኋላ መኢአድ ሆነ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ መኢአድን ጨምሮ አራት ፓርቲዎች የመሠረቱት ቅንጅት በአማራ ክልል ምክር ቤት ከ294 መቀመጫዎች ከመቶ የሚበልጡትን አገኘ። በዚያ ምርጫ የመሬት ባለቤትነት በሕዝብ ፊት ተከራክሮ ነበር፤ ኢሕአዴግ መሬት በሕዝብና በመንግሥት እጅ ይቆይ ሲል ቅንጅት የግል ባለቤትነትን አቀረበ። የመራጩ ተሳትፎ የጨመረው ልዩነቱ ስለታየ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ መስኩ ጠበበ። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፌዴራል መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ፤ የክልል ምክር ቤቶችም እንዲሁ ሆኑ። ፍጹም የተባለው ድል ከተገኘ ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይርቅ፣ በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ የአማራ ክልል ከተሞች በተቃውሞ ሰልፍ ተናወጡ። የምክር ቤቱ ወንበር መሙላት የሕዝቡ ልብ መሙላት እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

4. ድምፅ ወደ መቀመጫ የሚለወጥበት ስሌት

የአማራ ክልል 138 የምርጫ ክልሎች አሉት። ለፌዴራሉ ምክር ቤት ከእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ይመረጣል፤ ለክልሉ ምክር ቤት ግን 294 አባላት ስለሚያስፈልጉ በአንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ተወካዮች ይመረጣሉ። በሁለቱም አሸናፊው የሚለየው በአብላጫ ድምፅ ነው፤ ይኸውም ከግማሽ በላይ ማግኘት ሳይሆን ከሌላው መብለጥ ብቻ በቂ ነው።

ለማስረዳት ያህል ሁለት የክልል መቀመጫዎች ያሉትና 10,000 መራጮች ድምፅ የሰጡበት አንድ የምርጫ ክልል እናስብ። የአንደኛው ፓርቲ ደጋፊዎች 4,200፣ የሁለተኛው 3,300፣ የሦስተኛው 1,500፣ የአራተኛው 1,000 ይሁኑ። እያንዳንዱ መራጭ የፓርቲውን እጩዎች ሳይነጣጥል ከመረጠ ሁለቱም መቀመጫዎች ለአንደኛው ፓርቲ ይሆናሉ። ከመቶ 58 የሚሆነው መራጭ በምክር ቤቱ አንድም ተወካይ አይኖረውም። ተመሳሳይ ስሌት በ138ቱም ቢደገም ከመቶ 42 ድጋፍ ያለው ፓርቲ ምክር ቤቱን ሙሉ በሙሉ ሊይዝ ይችላል።

ይህ ሥርዓት በባሕርዩ ለገዥ ፓርቲ ብቻ የሚያደላ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅንጅት ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ሲያሸንፍ ተጠቃሚው ተቃዋሚው ነበር። ሥርዓቱ የሚያደላው ለቀዳሚው ነው። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ትምህርት፣ በአንድ አካባቢ ተመሳሳይ ደጋፊ ያላቸው ፓርቲዎች ተለያይተው ሲቀርቡ የሚጎዱት ራሳቸው መሆናቸው ነው። አራቱ የቅንጅት ፓርቲዎች በአንድ ምልክት ሥር ባይቀርቡ ኖሮ ያገኙትን ያህል መቀመጫ ማግኘታቸው ያጠራጥራል።

የሥርዓቱ ለውጥ ያልተነሣ ጉዳይ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግና ተደራዳሪ ፓርቲዎች 80 ከመቶ በአብላጫ፣ 20 ከመቶ በተመጣጣኝ ውክልና የሚሞላ ቅይጥ ሥርዓት ላይ ተስማምተው ነበር፤ ስምምነቱ ግን ወደ ተግባር አልተሸጋገረም። ለፌዴራሉ ምክር ቤት አብላጫ ድምፅ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የተደነገገ በመሆኑ ለውጡ የሕገ መንግሥት ማሻሻያን ይጠይቃል። ስለዚህ የ2018ቱ መራጭም ፓርቲም ሊዘጋጁ የሚገባው በነባሩ ስሌት ነው።

5. ተፎካካሪዎቹና የልዩነታቸው መስክ

በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ ለመመዝገብ 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ። በክልሉ ስማቸው የሚታወቁት ፓርቲዎች በሦስት ጎራ ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ብልጽግና ነው። ብአዴን በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አዴፓ ከተባለ በኋላ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ የብልጽግና አካል ሆኗል። የውሕደቱ አንድ ውጤት፣ የክልሉ ገዥ ድርጅት ራሱን የቻለ ፓርቲ መሆኑ ቀርቶ የአገር አቀፍ ፓርቲ ቅርንጫፍ መሆኑ ነው። ይህም የክልሉን ጥቅም ከማዕከሉ ጋር በሚጋጭበት ጊዜ ማን ይሟገትለታል የሚል ጥያቄ ያስነሣል፤ ፓርቲው በበኩሉ ውሕደቱ ክልሉን ለሀገራዊ ውሳኔ ያቀርበዋል ብሎ ይሟገታል።

ሁለተኛው በሰኔ 2010 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመሠረተው አብን ነው። ፓርቲው የአማራን ሕዝብ ጥቅም በስሙ ማስከበርንና የሕገ መንግሥት ማሻሻያን ያስቀድማል። ሦስተኛው ጎራ በዜግነት ላይ የተመሠረተ ፖለቲካን የሚከተል ሲሆን፣ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢዜማ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያዊ አንድነትን መነሻ የሚያደርገው መኢአድ ይገኙበታል። በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛ ምርጫ በመጀመሪያ ይፋ ከሆኑት 436 የፌዴራል መቀመጫዎች ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አግኝተዋል። ከምርጫው በኋላ የአብንና የኢዜማ መሪዎች በፌዴራል ካቢኔ ውስጥ የሚኒስትርነት ሹመት ተቀብለዋል። ይህ ትብብር በአንድ በኩል የመቻቻል ምልክት ተደርጎ ሲታይ፣ በሌላ በኩል ተፎካካሪን ከገዥው ለመለየት ለሚፈልግ መራጭ መስመሩን አደብዝዞታል።

ሦስቱን ጎራዎች የሚለያያቸው ነገር በአመዛኙ «ኢትዮጵያ እንዴት ትዋቀር?» የሚለው ነው። ጥያቄው ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደር እጩ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። በአንጻሩ እርሱ ሊመልሳቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ይቀራሉ። ለአብነት በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ላይ በክልሉ የተከሰተው የአፈር ማዳበሪያ እጥረት ገበሬዎችን ለአደባባይ ቅሬታ አብቅቷል። የግዥው ድርሻ የፌዴራል ተቋማት ቢሆንም፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በዩኒየኖች በኩል የሚካሄደውን ሥርጭት መቆጣጠር የክልሉ ሥራ ነው። ጤፍና ስንዴ አምርቶ ለገበያ ለሚያቀርበው የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ የትኛው ፓርቲ ይህን ቁጥጥር እንዴት እንደሚያካሂድ ማወቅ ከብዙ መፈክር ይበልጥበታል።

6. የምርጫው ከባቢ

ከላይ የተነገረው ሁሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ እርሱም ሰዎች ሳይፈሩ መሰብሰብ፣ መናገርና ወደ ጣቢያ መሄድ መቻላቸው ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተራዝሞ አሥር ወራት ያህል ቆይቷል። በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የሚካሄደው ግጭት ከተስፋፋባቸው አካባቢዎች ጎጃም አንዱ ነው። መንገድ በሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት በሚቋረጥበትና ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሁኔታ እጩ ከወረዳ ወረዳ ተዘዋውሮ ሐሳቡን ማስረዳት አይችልም፤ መራጩም መመዝገቡ በአንዱ ወገን፣ አለመመዝገቡ በሌላው ወገን እንደ አቋም እንዳይቆጠርበት ይሠጋል። የምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚዎች አብዛኛውን ጊዜ መምህራንና የአካባቢው ነዋሪዎች መሆናቸውም ሥጋቱን በእነርሱ ላይ ያከብደዋል።

በ2013 ዓ.ም. በጸጥታ ምክንያት በአንዳንድ የአማራ ክልል የምርጫ ክልሎች ድምፅ በዕለቱ አልተሰጠም። ያ ልምድ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ምርጫውን በከፊል ማካሄድና ቀሪውን ማቆየት በሕግ ረገድ የሚቻል መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የቀረው ክፍል ሲበዛ የሚመሠረተው ምክር ቤት ክልሉን እወክላለሁ ለማለት የሚኖረው አቅም የሚያንስ መሆኑ ነው። ከተማ ላይ ብቻ የተካሄደ ምርጫ የገጠሩን መሬት ሕግ የሚያወጣ ምክር ቤት ከመሠረተ፣ በ1960 እና በ1989 ዓ.ም. የታየው የውክልና ክፍተት በሌላ መልክ ይመለሳል።

ሌላው የከባቢው ችግር የአካባቢ ምርጫ መቋረጥ ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከሕዝቡ ጋር በየዕለቱ የሚገናኘው የሥልጣን እርከን በድምፅ አልታደሰም። የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጠው፣ የመሬት ክርክር ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠየቀውና መሰብሰቢያ አዳራሽ የሚፈቅደው ይኸው እርከን በመሆኑ፣ የእርሱ ገለልተኝነት አጠያያቂ በሆነበት ቦታ የተፎካካሪ ፓርቲ እጩ ገና ሳይጀምር ይደክማል።

7. መደምደሚያ

ከዚህ ውይይት ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። በመጀመሪያ፣ የክልል ምክር ቤት በመሬት፣ በግብር፣ በፍትሕና በሹመት ላይ ያለው ሥልጣን ለምሥራቅ ጎጃም ነዋሪ ቀጥተኛ ትርጉም ስላለው ፓርቲዎች ከፌዴራሉ የተለየ የክልል ፕሮግራም አዘጋጅተው በጽሑፍ ሊያቀርቡ ይገባል። መራጩም እያንዳንዱን እጩ በመሬት ድልድል፣ በማዳበሪያ ሥርጭት፣ በወረዳ በጀትና በርዕሰ መስተዳድር አሿሿም ላይ ያለውን አቋም ቢጠይቅ ሁለተኛው ወረቀት ትርጉም ያገኛል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የአብላጫ ድምፅ ስሌት ለቀዳሚው ስለሚያደላ ተቀራራቢ ፓርቲዎች ከወዲሁ በእጩ አቀራረብ መነጋገራቸው፣ ገዥው ፓርቲም ተቃራኒ ድምፅ የሌለበት ምክር ቤት ለራሱም አደጋ መሆኑን ከ2007 እና ከ2008 ዓ.ም. መገንዘቡ ይጠቅማል።

በመጨረሻም፣ የምርጫ ቦርድ የትኞቹ የምርጫ ክልሎች ለምርጫ ዝግጁ እንደሆኑ ከድምፅ መስጫው ዕለት አስቀድሞ በዝርዝር ማሳወቁ፣ የየጣቢያው ውጤት ሕጉ እንደሚያዝዘው በየበሩ መለጠፉን ማረጋገጡና የአካባቢ ምርጫ የሚካሄድበትን ጊዜ መወሰኑ አስፈላጊ ነው። የጎጃም ገበሬ ውክልና ባጣ ጊዜ ድምፁን በሌላ መንገድ ማሰማቱ በታሪክ የተመዘገበ ነው። ምርጫ ዋጋ የሚኖረው ያ ሌላ መንገድ አስፈላጊ እንዳይሆን ማድረግ ሲችል ነው።